ሊቀ አፍንጫ ፋርካርና ስድስተኛው በርሜል

በየመሥሪያ ቤቱና በየመንደሩ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። እናንተ ወገባችሁ እስኪቆረጥ ለፍታችሁ ያላገኛችሁትን እሱ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣ፤ እናንተ ግማሽ ቀን የምታስረዱትን በሦስት ቃል ጨርሶ ጭብጨባውን ወስዶ የሚሄድ። ከሁሉ የሚያበሳጨው ደግሞ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆንማ ጠልታችሁት ትገላገሉ ነበር።

በእኛ ደሴት በሃላሳይ ይህ ሰው ክቡር ፋርካር ማክቩሪክ ይባላል። እኔ በልቤ ሊቀ አፍንጫ ብዬ ሾሜዋለሁ። ሹመቱን የሰጠሁት ወድጄ አይደለም። ቅናት ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ፣ በርሜል ውስጥ ከተኛው ዊስኪያችን ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ቅናት።

ስሜ ኒንያን ነው። ፋርካርና እኔ በደሴቲቱ የዊስኪ ማውጫ ቤት አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ እየተፈራረቅን የመዳብ ጋኖቹን እንጠብቃለን። ማውጫ ቤቱ የማንም ትልቅ ኩባንያ አይደለም፤ የደሴቲቱ ሰው በጉንም ጀልባውንም እየሸጠ ያቆመው የራሱ ንብረት ነው። ገብሱን የምናበቅለው እኛ፣ ብቅሉን በእንጨት አካፋ የምናገላብጠው እኛ፣ ከረግረጉ ቆፍረን ባደረቅነው ጥቁር አፈር ጭስ የምናጥነው እኛ ነን። ይህን ሁሉ እኔ በእጄ አውቀዋለሁ። ፋርካር በአፍንጫው ያውቀዋል። እጅን ደግሞ ማንም አያደንቅም፣ ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት አለው።

አፍንጫው ግዙፍ እንዳይመስላችሁ። ተራ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የያዘው የሚመስል። በመጠን ከሆነ የእኔ ይበልጣል። የሆነ ነገር ሲሸተው ዓይኑን ይጨፍንና አንድ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ፣ "ቆይ፣ እንዳትነግረኝ!" ይላል። ልብ አድርጉ፣ ሊነግረው ያሰበ ሰው የለም። ከዚያ የሸተተውን ነገር እዚያው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብሎ ያውጃል።

ሰባኪያችን አቶ ጊልክሪስት በአዲስ ዓመት ዕለት መድረክ ላይ ቆመው ትምባሆ እርም ብያለሁ አሉ። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ፣ ከጸሎት በኋላ በር ላይ ቆመው ምእመናኑን ሲጨብጡ የፋርካር ተራ ደረሰ። እጃቸውን እንደያዘ ዓይኑ ተጨፈነ።

"ቆይ፣ እንዳይነግሩኝ! ትምባሆ! ያ ጣፋጩ! ከመዝሙሩ በፊት፣ ከኋላ ካለው ዕቃ ቤት!"

ከኋላ የተሰለፍነው ሰዎች መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠን በወደድን። አቶ ጊልክሪስት ግን ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ ትንሽ ቆዩና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ከፈጣሪ ዓይንና ከፋርካር አፍንጫ መሰወር አይቻልም ብለው ሰበኩ። ይህን የተናገርኩት እኔ ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር አልነሣም ነበር።

ፖስታ አዳይዋ ዶሊናም አለች። ጀልባ ስንጠብቅ ወደቡ ላይ ለፋርካር ደብዳቤ ልትሰጠው እጇን ዘረጋች፤ እናቷ ከጎኗ ቆመዋል።

"ቆይ፣ እንዳትነግሪኝ! ይሄ የሸርጣን አጥማጁ የሩሪ ሹራብ ነው! ሬንጅና ያ አረንጓዴው ሳሙና!"

"የምን ሩሪ?" አሉ እናትዬው።

ልጅቷ አንድ ዓመት የደበቀችው ፍቅር በአንድ ትንፋሽ አደባባይ ወጣ። በዚያው ክረምት ሠርግ ሆነ። ሊቀ አፍንጫውን ከሙሽራዋ እናት ጎን የክብር ቦታ ላይ አስቀመጡት። እኔን ከበሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ከሚገባበት።

ጎብኚዎች ሲመጡማ አታንሡት። አንድ ሰዓት ሙሉ ገብሱ እንዴት እንደሚነከር፣ ብቅሉ ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ፣ የአካፋው እጀታ ትከሻዬን ምን እንዳደረገው አስረዳቸዋለሁ። በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ፋርካር ብቅ ይልና ብርጭቆውን አንሥቶ አንዴ ስቦ፣ "የአያቴ ጀልባ ወለል፤ ዝናብ እንዳባራ" ይላል። ሴትዮዋ እንባዋን ትጠርጋለች። ባልየው ፎቶ ያነሣል። የፋርካር አያት ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ጀልባ ላይ ሲወጡ ያስመልሳቸው ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ግን ሁሉም እኔን ነው የሚገላምጠው።

ከቤቴም ገብቷል። አንድ ቀን ጠዋት ገንፎዬ ላይ ላፈስስ ወተት ሳነሣ ባለቤቴ ኤፊ ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ቆይ፣ ሳይበላሽ አይቀርም።"

"አልተበላሸም፣ አሽትቼዋለሁ" አልኳት።

"እሱማ አሽትተኸዋል" አለችና በመስኮት አንገቷን አውጥታ ተጣራች። "ፋርካር! እስቲ አንዴ ና፣ ይህን ወተት አሽትልኝ!"

ከገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ላሜ የታለበ ወተት ነው። እሱም አላሳፈራትም፣ መጥቶ አሸተተና ደህና ነው አለ። ደህና መሆኑን እኔም ብያለሁ። "እግዜር ይስጥህ" ያለችው ግን እሱን ነው።

እንግዲህ ወንድ ልጅ ነኝ፣ አርፌ አልተቀመጥኩም። ከቤቴ ጀርባ ባለችው መጋዘን ውስጥ ሃያ ትንንሽ ማሰሮ ደረደርኩ። በአንዱ ቀረፋ፣ በአንዱ ቅርንፉድ፣ በአንዱ እርጥብ የበግ ፀጉር፣ በአንዱ የባሕር አረም አድርጌ፣ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ አፍንጫዬን ማሠልጠን ጀመርኩ። ሽንኩርት ተውኩ፣ ሰናፍጭ ተውኩ። ሦስት ወር እንደ መናኝ ኖርኩ። መለየት ስጀምር፣ ቀረፋን ከቅርንፉድ ስለይ፣ የዚያን ቀን ደስታዬን አልነግራችሁም። ያኔ ነው ከመጋዘኑ ውጪ ኮቴ የሰማሁት። ኮቴው ቆመ።

"ቆይ፣ እንዳትነግረኝ! ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የበግ ፀጉር… ኒንያን፣ ኬክ እየጋገርክ ነው እንዴ? የበግ ፀጉሩ ግን ለምን አስፈለገ?"

ሻርፑን ከዓይኔ ሳላወርድ ብዙ ቆየሁ። በማግስቱ ማሰሮዎቹን ለኤፊ ሰጠኋት፣ የአበባ ችግኝ ተከለችባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ዓመት ማውጫ ቤታችን አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው። በመጀመሪያው ዓመት የሞላናቸው ዘጠኝ በርሜሎች ደረሱ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጃችን ኡና ሁላችንን ሰብስባ ወሰነች። ከዘጠኙ አንዱ ይመረጣል፤ ከምንም ሳይደባለቅ፣ ያ በርሜል ብቻውን የሃላሳይ የመጀመሪያ ጠርሙስ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ያወጣው ሰው ስምና ዊስኪው የተቆረጠበት ሰዓት በእጅ ይጻፋል።

"ማነው የሚመርጠው?" አልኩ።

"ፋርካር ነዋ፣ ሌላ ማን አለ?" አለች።

"አምስቱ በርሜል የእሱ፣ አራቱ የእኔ። ተወዳዳሪው ዳኛ የሚሆንበት አገር የት አለ?"

"ቁጥሩ ይሸፈናል። እኔም አሸትታለሁ፣ አንተም ታሸትታለህ። ሦስታችንም እንጽፋለን። አሁን ደስ አለህ?"

ደስ አላለኝም። ያንን ስም እፈልገዋለሁ፤ አልዋሻችሁም፣ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ወረቀት ላይ፣ ፋርካር ሳይሆን ኒንያን የሚል። ግን ከአራቱ በርሜሎቼ አንዱ ውስጥ ውሸት ነበረበት። ስድስተኛው በርሜል።

ዊስኪ ከጋኑ ሲወርድ ራስ፣ ልብና ጭራ አለው። መጀመሪያ የሚመጣው ራስ አፍንጫ የሚቆርጥ ነው፣ ይመለሳል። መካከል ላይ የሚመጣው ልብ ነው፣ በርሜል የሚገባው እሱ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ጭራው ይመጣል፣ የራሰ ውሻና የአሮጌ ኮርቻ ሽታ ይዞ። የጋን ጠባቂው ሥራ ዊስኪው በሚያልፍበት የመስታወት ሳጥን ፊት ቆሞ፣ ጭራው ሊመጣ ሲል እጀታውን አዙሮ መቁረጥ ነው። ሥራው ይኸው ነው። እዚያ መቆም።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በእኔ ሳምንት፣ ከዋናው ምድር ጋዜጠኞች መጡ። ፋርካር ተረኛ ባይሆንም አፍንጫውን ሊያዩ ፈልገው አስጠሩት። ግቢው ውስጥ ከብበውት ቆሙ። እኔ ጋኑ አጠገብ ብቻዬን ነኝ። ምን እያለ ይሆን? ስሜን ያነሣ ይሆን? አንዴ ብቻ ልስማ ብዬ ወጣሁና ትምባሆዬን ለኩሼ ከግንቡ ጀርባ ቆምኩ። ነፋሱ ከባሕር ስለሚነፍስ ቃሉ አይሰማም፣ ሳቃቸው ብቻ ነው የሚደርሰኝ። በእኔ ነው የሚስቁት አልኩ። በሳቁ ቁጥር አንድ እርምጃ እጠጋለሁ። ተመልሼ ስገባ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ጭራው ልቡ ውስጥ ገብቶ አብሮ ሞልቷል።

ለኡና መናገር ነበረብኝ። ዊስኪው ወደ ጋኑ ተመልሶ ዳግም ይወጣ ነበር፣ የሚጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው። ግን ፋርካር የሚስቀውን ሳቅ አሰብኩት። መዝገቡ ላይ መቁረጥ የነበረብኝን ሰዓት ጽፌ ዝም አልኩ። ሳምንቴ የሚያልቀው በዚያው ቀን ነውና ማታ ተረኛነቱን ሊረከበኝ እሱ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የተጨሰ ዓሣ አንድ ሣጥን አምጥቼ ትኩሱ ቧንቧ ላይ ደረደርኩ። ቤቱ በዓሣ ታፈነ። ፋርካር መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ አፍንጫው አንድ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ።

"ዓሣ እየበላህ ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ ራበኝ።"

"ጥሩ ነው" ብሎ ገባ።

ያን ዕለት ሊቀ አፍንጫውን አሸነፍኩት። በርሜሉን ከመጋዘኑ ጥግ ከሌሎቹ ጀርባ አስገባሁት። ሲከፋኝ ያቺን ድል እያስታወስኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። አሁን ግን ዘጠኙም በርሜል ሊከፈት ነው። የሠርገኛን ፍቅር ከደብዳቤ ላይ የሚያሸት ሰው በንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ አርባ ደቂቃ ጭራ ሲያገኝ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። ጣቱን አንሥቶ፣ ጮክ ብሎ፣ ደሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት። ከዚያ በኋላ ስም አይደለም፣ ሥራም አይኖረኝም።

ቀኑ ደረሰ። የመንደሩ አዳራሽ ከጣራ ሥር እስከ በሩ ሞላ። ዘጠኝ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ ቁጥሩ ከሥር ተለጥፏል። ኡና አሸተተች፣ ጻፈች። ፋርካር አሸተተ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጻፈ። ተራው የእኔ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደህና ነበሩ። አራተኛውን አነሣሁ። አራተኛው ብርጭቆ ምን እንደነበረ እንዴት ልንገራችሁ? ማር ነበር፤ የቆየ ቆዳ ነበር፤ ጠዋት የበጎች ጋጣ ሲከፈት የሚወጣው ሙቀት ነበር። የምር ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አፍንጫዬ ላይ ደርሶ አያውቅም። ወዲያው ቅናቴ ተነሣ። ይሄ የእሱ ነው፤ ይሄን ከፋርካር በቀር ማንም አያወጣውም አልኩ። ጥርሴን ነክሼ "አራት" ብዬ ጻፍኩ። ሌላውን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ ቅናተኛ ብሆንም አፍንጫዬ ዋሾ አይደለም።

ኡና ሦስቱን ወረቀት ገለጠች። አራት፣ አራት፣ አራት። ብርጭቆውን ገልብጣ ከሥር ያለውን ቁጥር አየች።

"ስድስተኛው በርሜል። ያወጣው፣ ኒንያን።"

አዳራሹ ተናወጠ። ኤፊ እየጮኸች ጀርባዬን ደበደበችኝ። ለካ በገዛ በርሜሌ ስቀና ነው የቆየሁት! ያ የተበላሸው፣ ያ ጥግ የደበቅኩት፣ የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ተኝቶ ጭራውን ወደ ማር ለውጦታል።

"ፋርካር!" አለ አንዱ ከኋላ። "ንገረና! ምን ምን አለበት?"

"ይናገር! ይናገር!" አለ ሕዝቡ።

ፋርካር ብርጭቆውን አነሣ። ዓይኑ ተጨፈነ፣ ጣቱ ተነሣ። "ቆይ፣ እንዳትነግሩኝ" አለ። አለቀልኝ አልኩ።

"ማር አለበት" አለ። "ቆዳ አለበት። የደረቀ በለስ አለበት። ደግሞ ከሥር አንድ ነገር አለ…"

ዓይኑን ገልጦ ከብርጭቆው በላይ ቀጥ ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።

"እሱን አላወቅሁትም" አለ።

ዶሊና ኮረዳ ሳለች ጀምሮ፣ የእኛ ሰባኪ ፀጉራቸው ሳይመለጥ ጀምሮ፣ ፋርካር "አላወቅሁትም" ሲል የሰማ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ተከትዬው ሄድኩ። ከመጋዘኑ በር ፊት ደረስኩበት።

"አንተ፣ ታውቀዋለህ" አልኩት።

"ምኑን?"

"አላወቅሁትም ያልከውን ነገር።"

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አርባ ደቂቃ ነው። ሠላሳ አምስትም ሊሆን ይችላል፣ ዓሣው ትንሽ አምታቶኛል።"

የቀረችኝ አንዲት ድል ነበረች፣ እሷም ሄደች። መጋዘኑ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር?"

"ከበሩ ሳልገባ ነው ያወቅሁት። አንተ ሰውዬ፣ አንድ ሣጥን ዓሣ! ለብቻህ! ማን ያምንሃል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? የሰባኪውን ትምባሆ ያልማርክ ሰው!"

"የሰባኪው ያስቃል። የአንተ ሥራህን ያሳጣህ ነበር" አለ። ከዚያ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። "ደግሞ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ከግንቡ ጀርባ እንደቆምክ አውቄ ነበር።"

"እንዴት አወቅህ?"

"እንዴት አወቅህ ይለኛል!" ብሎ አፍንጫውን በጣቱ መታ አደረገ። "ጋዜጠኞቹ ስለ እኔ ሲጠይቁኝ፣ ተውኝ፣ ጋኑን የሚያውቀው ኒንያን ነው፣ እሱን ጠይቁት እያልኳቸው ነበር። የማገላበጫውን አካፋ አንተ እንዴት እንደምትይዘው እያስመሰልኩ ሳሳያቸው ነው የሳቁት። ደስ ብሏቸው ነው። አንተም እየሰማህ መሆኑን ሳውቅ፣ ደስ ይበለው ብዬ ወሬውን አስረዘምኩት። ነፋሱን አላሰብኩም። እንግዲህ ከአርባው ደቂቃ ሃያው የእኔ ነው።"

"ትምባሆዬ ያን ያህል ይሸታል?" አልኩት።

"በጣም" አለኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሰው ምሕረት የለውም። ከማግስቱ ጀምሮ ፋርካር በሄደበት ሁሉ መቀለጃ ሆነ። ጀልባ መጠበቂያው ላይ የጎማ ጫማቸውን አውልቀው፣ "ፋርካር፣ ይሄንንስ ታውቀዋለህ?" ይሉታል። ሩሪ ሹራቡን አውልቆ አፍንጫው ሥር ያደርግለታል። ኤፊ እንኳ ወተቱን ራሷ ማሽተት ጀመረች። "አረጀ፣ ምስኪን" አለችኝ። ለዚህ ቀን ነበር እኮ አሥራ ሁለት ዓመት የጸለይኩት! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። እሱ እንደሆነ አብሯቸው ይስቃል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ እኔ ነኝ ምግብ የማይወርድልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት መጠጥ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሩሪ እንደገና ሹራቡን ሲያወልቅ አላስቻለኝም። ወንበር ላይ ወጣሁ።

"አንተ፣ ሹራብህን ልበስ!" አልኩት። "ሁላችሁም ስሙኝ። ያ አላወቀውም የምትሉት ነገር ጭራ ነው። አርባ ደቂቃ አዘግይቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መዝገቡን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ፋርካር ከዚያው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል።"

ኡና ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"መዝገቤን ዋሸኸው?" አለችኝ።

"ዋሸሁት።"

"አሥራ ሁለት ዓመት?"

"አሥራ ሁለት ዓመት።"

"ከሰኞ ጀምሮ አንድ ወር ብቅል ታገላብጣለህ፣ ብቻህን" አለች። ትንሽ አሰበች። "ስምህ ከጠርሙሱ ላይ አይፋቅም፣ በርሜሉን ያወጣኸው አንተ ነህ። ሰዓቱ ግን እውነቱ ይጻፋል።"

እውነቱም ተጻፈ። የሃላሳይ የመጀመሪያ ጠርሙስ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ያወጣው ኒንያን። የተቆረጠው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ።" ጎብኚዎቹ ረቂቅ ጥበብ ይመስላቸዋል።

እዚያ ወንበር ላይ ቆሜ ስድቡን ስጠብቅ የሆነውን ግን ልንገራችሁ። ከኋላ ዶሊና፣ "አሥራ ሁለት ዓመት!" አለች። "ፋርካር! አንተ! አሥራ ሁለት ዓመት አፍህን ዘጋህ?" ሰባኪው ተነሥተው አጨበጨቡ። ሩሪ ተሽቀዳድሞ እቅፍ አደረገው። ኤፊ፣ የእኔዋ ኤፊ፣ ጉንጩን ሳመችው። ኡና ከስድስተኛው በርሜል የተቀዳ ለሁሉም አዞረች፣ ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን ወደ ላይ አነሣ።

"ለፋርካር!" አሉ።

በርሜሉ የእኔ፣ ስሙ የእኔ፣ ኑዛዜውም የእኔ፤ ብርጭቆው የተነሣው ለእሱ። እሱ ደግሞ አፍሮ መሬት መሬት ያያል፣ ክፉ አይደለ ነገር። የእኔን ብርጭቆ ከሁሉም ከፍ አድርጌ አነሣሁ፣ ከሁሉም በላይ ጮህኩ፣ ጠጣሁም። አሥራ ሁለት ዓመት በአፍንጫው የቀናሁበት ሳያንሰኝ፣ አሁን ደግሞ ቀሪ ዕድሜዬን በዝምታው ልቀናበት ነው።